ዓይኔ ጤነኛ በመሆኑ ስለተከለከልኩት የእህቴ ድምፅ

ለተከበሩ የሹይፒንግ ከተማ ባህል ጽሕፈት ቤት
የድምፅ መጻሕፍት ክፍል ዳይሬክተር
ሹይፒንግ፣ ታይዋን

ጉዳዩ፦ ለተደረገልኝ ቸርነት ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ዳይሬክተር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነት፣ ለቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። በተለይ ጉሮሮዎ ደኅና እንዲሆን እመኛለሁ፤ የሰው ድምፅ በእርስዎ መሥሪያ ቤት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ ተረድቻለሁና።

እኔ ጂያን ዩ-ሸንግ እባላለሁ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እህቴ ጂያን ፔይ-ዩን ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት እያነበቡ ከሚቀርጹ የክፍልዎ በጎ ፈቃደኞች አንዷ ነበረች። ነበረች ማለቴ ሥራው ሰልችቷት ትታው አይደለም። ባለፈው የዝናብ ወራት ገና ሳይነጋ ወደምትሠራበት ቁርስ ቤት በሞተር ሳይክሏ ስትሄድ ከገበያው በላይ ባለው መስቀለኛ መንገድ የጭነት መኪና ገጭቷት ሞታለች። ይህን የምጽፈው ሐዘኔን እንዲካፈሉኝ ፈልጌ አይደለም። ክፍልዎ በስሟ በላከው የመጨረሻ ደብዳቤ «ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ድምፅዎን ስላላሰሙን አሳስቦናል» ብሎ ስለነበር፣ የዘገየችበትን ምክንያት በአክብሮት ለማስረዳት ያህል ነው።

ደብዳቤዬን ሁሉ ሰው በሚያነበው ጋዜጣ ላይ ያወጣሁትም ክቡርነትዎን ለማሳፈር አይደለም። ክፍልዎ ራሱ በበሩ ላይ ሁሉ ሰው የሚያነበው ማስታወቂያ ስለለጠፈ፣ በዚያው ወግ መመለስ ጨዋነት መስሎኝ ነው። ማስታወቂያው የጥራት ደረጃውን ያላሟሉ በሰው የተነበቡ ቅጂዎች በዚህ ወር መጨረሻ ከመዝገብም ከኮምፒውተርም ተሰርዘው በኮምፒውተር ድምፅ እንደሚተኩ ይናገራል። የእህቴ ቅጂዎች ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ከሚሰረዙት ውስጥ ናቸው። የምለምነው ሁለት ነገር ነው፤ እንዳይሰረዙ፣ ከእነሱም አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ እንድሰማ እንዲፈቀድልኝ። ወደ ባለሥልጣን ሲጻፍ ነገሩን በቁጥር ማስቀመጥ እንደሚገባ በትምህርት ቤት ስለተማርን፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ማንም የማይፈልጋቸውን መጻሕፍት ለእህቴ ስለሰጣችኋት አመሰግናለሁ። የፍቅር ልብ ወለዶችን ለማንበብ በጎ ፈቃደኞቹ ወረፋ ይጠብቁ ነበር፤ የግድያ ምርመራ ታሪክ ሲመጣማ ይኳረፉበት ነበር አሉ። ስለ ጡረታ ሕግ፣ ስለ ጤና መድን፣ ስለ ውሃ ክፍፍል፣ ስለ ወረዳ ምክር ቤት ሥልጣን የተጻፉት ግን መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው ፔይ-ዩንን ይጠብቋት ነበር። እሷም ጠዋት እንቁላል ስትጠብስና የአኩሪ አተር ወተት ስትቀዳ ውላ፣ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ተኝታ፣ ምሽት ላይ የራት ጠረጴዛችንን ጠራርጋ ማይክሮፎኑን ትተክላለች። የሰፈራችን ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ክብርት ሚኒስትር» የሚል ስም አወጡላት። ክብርት ሚኒስትር፣ ዛሬ ምን አጸደቁልን፤ ክብርት ሚኒስትር፣ የእኔን ጡረታ ነገር እንዳይረሱት፤ እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም እንደ ባለሥልጣን አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ፣ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው ብላ ታልፋለች።

እንዴት አይሰለችሽም ብዬ ስጠይቃት የምትነግረኝ ስለ አቶ ካንግ ሹይ-ሙ ነበር። አቶ ካንግ ከቤታችን ሁለት በር አለፍ ብሎ ማሳጅ ቤት ያላቸው፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ማየት የተሳናቸው ጎረቤታችን ናቸው። ልብ ወለድ ላንብብልዎት ወይ ብላ ስትጠይቃቸው እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ ልብ ወለድ ሰው እንዴት እንደሚያዝን ይነግረኛል፤ እሱን ከደንበኞቼ ትከሻ አውቀዋለሁ። እኔ ማወቅ የምፈልገው የእግረኛው መብራት ድምፅ እንዲያሰማ የሚወስነው ማን እንደሆነ ነው።»

ከዚያ ወዲህ እህቴ የምታነበው ለእሳቸው ይመስል ነበር።

ሁለተኛ። የጥራት ኮሚቴው ላደረገው ጥልቅ ምርመራ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ግኝት እህቴ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉ ግራፎችን በራሷ ቃል ማስረዳቷ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ልክደው አልችልም። የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር በየዓመቱ መቀነሱን የሚያሳየው ግራፍ ጋ ስትደርስ፣ «ከገበያው ወደ ቤተ መቅደሱ የሚያስወጣውን ዳገት ታውቁታላችሁ፤ ከላይ ጀምራችሁ ውረዱት፤ ጉልበታችሁ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ላይ ስትደርሱ አሁን ያለነው እዚያ ነው» ብላለች። አዲሱ የኮምፒውተር ድምፅ እዚያ ቦታ ሲደርስ «ሥዕላዊ መግለጫ ሦስት ነጥብ ሁለት» ብሎ ያልፋል። አድማጮችን ከዚያ አድካሚ ዳገት ስለገላገላችኋቸው ጉልበታቸው ያመሰግናችኋል።

ሁለተኛው ግኝት ግን ከዚህ የከፋ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ጉዳዩ ስለ ከተማ ቆሻሻ ፖሊሲ የተጻፈውን መጽሐፍ የሚመለከት ነው። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በከተማችን ቆሻሻ መሬት አይነካም፤ በረንዳ ላይም አያድርም። መኪናው ምሽት ላይ ሙዚቃውን እያሰማ ሲመጣ ሁላችንም ፌስታላችንን አንጠልጥለን እንሮጣለን፤ ያመለጠው እስከሚቀጥለው ቀን ከሽታው ጋር ያድራል። (ክቡርነትዎ ፌስታልዎን ይዘው ሮጠው ባያውቁ እንኳ የሚሮጥልዎት ሰው እንደሚኖር አልጠራጠርም።) እህቴ አንድ ምሽት የምታነበው ምዕራፍ ስለዚሁ ፖሊሲ ነበር፤ ማን እንዳረቀቀው፣ ማን እንደተቃወመው፣ ሕዝቡ መሮጥን እንዴት እንደለመደ። ሰማንያ ስድስተኛው ገጽ መሐል ላይ ሳለች ከሩቅ ሙዚቃው ተሰማ። እሷም መቅረጫውን ማቆም ረሳች።

የተቀረጸው ይህ ነው። ወንበር ሲንኳኳ ይሰማል። ከዚያ፦

«ወይኔ መጣ! ዩ-ሸንግ፣ የአጥንቱን ፌስታል ያዝ፤ ጫማህን ተወው!»

ድምፁ ገና ያልጎረነነ ልጅ ይመልሳል፦ «ትናንትም እኔ ነኝ ያወጣሁት!»

«ትናንት እሑድ ነው፤ እሑድ መኪና የለም፤ ውሸታም! ሩጥ!»

ከዚያ ባዶ ክፍል ነው። የአየር ማራገቢያው ሲዞር፣ ሙዚቃው ሲቀርብ፣ ከውጭ አንዲት ጎረቤታችን ክብርት ሚኒስትር በባዶ እግሯ መጣች ብላ ስትስቅ፣ ሌሎችም ሲያጅቧት ይሰማል። ሙዚቃው ይርቃል። በሩ ይከፈታል፤ ሁለት ሰዎች እያለከለኩ ይገባሉ፤ አንዱ እየሳቀ ነው፤ እኔ ነኝ። እህቴ ውሃ ትጠጣለች፤ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ ከዚያ ቅድም ስታነብበት በነበረው ድምፅ፣ «የተከበራችሁ አድማጮቼ፣ ይቅርታ። ፖሊሲው በተግባር ላይ ውሏል። ገጽ ሰማንያ ስድስት፣ ሁለተኛው አንቀጽ» ብላ ትቀጥላለች።

በማግስቱ ቆርጣ ልታወጣው ነበር፤ ስታሰማቸው አቶ ካንግ ናቸው የከለከሏት። ከመጽሐፉ ሁሉ የገባኝ ይኼ ነው አሏት። ኮሚቴው ግን በበሩ ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ከቅጂው ስም ትይዩ «ከመጽሐፉ ይዘት ጋር ግንኙነት የሌለው ድምፅ» ብሎ መዝግቦታል። ስለ ቆሻሻ መኪና በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ የቆሻሻ መኪና መግባቱ ምን ያህል አሳፋሪ እንደሆነ ስላስተማረን፣ ለኮሚቴው አባላት ለእያንዳንዳቸው ምስጋናዬን እንዲያደርሱልኝ እለምናለሁ።

ሦስተኛ። ስለ ዓይኔ ስለተጨነቃችሁልኝ አመሰግናለሁ። ይህን ቅጂ መስማት ፈልጌ ከትምህርት ቤት ስወጣ በዩኒፎርሜ ወደ ክፍልዎ መጥቼ ነበር። መስኮቱ ላይ የነበሩት ወይዘሪት ፋን መጽሐፍ ለመዋስ የሚያስፈልገውን ካርድ ጠየቁኝ። የለኝም አልኩ። የድምፅ መጻሕፍቱ የደራሲዎቹ መብት ተጠብቆ የተቀረጹት ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ብቻ ስለሆነ፣ ዓይኑ የሚያይ ሰው ሊዋስ እንደማይችል አስረዱኝ። መጽሐፉን ሳይሆን አንባቢዋን ነው የፈለግሁት፣ እህቴ ናት አልኩ። ወይዘሪት ፋን ቀስ ብለው፣ «የኔ ወንድም፣ ዓይንህ እኮ ደኅና ነው። እኔ ምን ላድርግህ?» አሉኝ። እሳቸውን አልወቅስም፤ የሚያለቅሱ ይመስሉ ነበር። ሕጉም ሕግ ነው። እህቴ ስለ እሱም አንድ መጽሐፍ አንብባለች አሉ፤ ሰምቼው ባውቅ ኖሮ ይሄኔ በደንብ በተረዳሁት ነበር።

ምናልባት ክቡርነትዎ እቤቱ ቅጂ የለውም ወይ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። መቅረጫው የክፍልዎ ነበር፤ አንድ መጽሐፍ ስትጨርስ ሚሞሪ ካርዱን ታስረክባለች፤ ባዶውን ትቀበላለች። መቅረጫውን ስንመልስ የመጨረሻው ካርድም ሳልሰማው አብሮ ሄደ። ስልኳ ከእሷ ጋር ተሰባብሯል። በእኔ ስልክ የቀሩልኝ አጫጭር የድምፅ መልእክቶች ናቸው፤ «የት ነህ»፣ «በሩን ቆልፍ»፣ «ኧረ አንሳው»። ረጅሙ ስለ እንቁላል ነው፤ እንቁላል ከየትኛው ሱቅ እንደምገዛና ከየትኛው እንዳልገዛ። ደጋግሜ ስለሰማሁት አሁን ስለ እንቁላል ፖሊሲ መጽሐፍ መጻፍ እችላለሁ።

እስከዚያው ዓይኔ ደክሞ ካርዱ እንዲሰጠኝ ብዬ በጨለማ ስልክ አፍጥጬ አያለሁ። እናቴ በዚሁ ከቀጠልኩ ተስፋ እንዳለኝ ትናገራለች።

አራተኛ። ይህ ቁጥር ስለ ማይክሮፎኑ ነበር፤ ክፍልዎ እንድንመልስ ያሳሰበንን ማይክሮፎን እናቴ በጨርቅ ጠቅልላ ስላስረከበች ቅሬታው ቀርቷል። ለእህቴ ደግሞ፣ በልማዳችን ለሞተ ሰው የሚቃጠል የወረቀት ዕቃ ያለበት ይደርሰዋልና፣ የወረቀት ማይክሮፎን አሠርታ ከሌላው ጋር አቃጥላላታለች። ሻጩ ከወረቀት የተሠራ ሞተር ሳይክልም አለኝ ሲል እናቴ ከሱቁ ወጣች። ስለዚህ እውነተኛው ማይክሮፎን እናንተ ዘንድ፣ የወረቀቱ እሷ ዘንድ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እየሠራ እንደሆነ ክቡርነትዎ ይፍረዱ።

አምስተኛ። ለአቶ ካንግ ስለላካችሁት ማስጠንቀቂያ አመሰግናለሁ። ከክፍልዎ ባዶ እጄን መመለሴን ሲሰሙ አቶ ካንግ በራሳቸው ካርድ ቅጂውን ተዋሱ፤ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ጠርተውኝ ማሳጅ በሚያደርጉበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አብረን ሰማነው። ከክፍልዎ ስለ አገልግሎቱ እርካታ በስልክ ሲጠየቁ፣ መዋሸት የማይሆንላቸው ሰው ስለሆኑ፣ ሁለት ሆነን ሰማነው፤ ልጁ ሳቀ፤ እህቱን ከሸኘን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ የሰማሁት ያን ዕለት ነው ብለው ተናገሩ። በሳምንቱ ቅጂውን ላልተፈቀደለት ሰው ማሰማት ካርዳቸውን እንደሚያሳግድ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ማስጠንቀቂያው በወረቀት የታተመ ነበር። ማየት ለማይችሉ ሰው። ስለዚህ ያነበብኩላቸው እኔ፣ ያልተፈቀደልኝ ሰው ነኝ። ማህተሙ የት ጋ እንዳለና ምን ያህል ቀይ እንደሆነም ሳልደብቅ አስረድቻቸዋለሁ።

አቶ ካንግ አዳምጠው ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረጉት። «ሕግ ማክበር ጥሩ ነው» አሉ። «እኔ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን እሰማለሁ። ሙቀቱ ስለማያስችለኝ በሩን ክፍት አደርጋለሁ። ደጄ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር የመንግሥት ነው፤ ማን እንደተቀመጠበት ደግሞ እኔ አላይም።»

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ደጃቸው ላይ እቀመጣለሁ። እናቴ ፋብሪካ የምትገባው በምሽቱ ፈረቃ ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚጠብቀኝ የለም። ሙዚቃው ሲሰማ ተነስቼ ፌስታሌን ይዤ እወጣለሁ፤ ድሮ ሁለት እንይዝ ነበር፤ የሁለት ሰው ቆሻሻ አሁን ትንሽ ናት። ጎረቤቶቼ እኔ ስደርስ ወሬያቸውን ያቆማሉ፤ ወረፋ ሳይኖር ወረፋ ይለቁልኛል። ማንም ክብርት ሚኒስትር አይልም። ማንም አይቀልድብኝም። ሰው በቆሻሻ መኪና ኋላ ቆሞ ይህን ያህል እንደሚከበር አላውቅም ነበር፤ ብችል ኖሮ ክብሩን መልሼ ስድባቸውን እወስድ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ የአቶ ካንግ በር ቢከፈትም የሚሰማ ነገር አይኖርም።

ስድስተኛውና የመጨረሻው። እህቴ ስትሞት ጀምራው የነበረው መጽሐፍ ስለ መንገድ ደኅንነት ፖሊሲ ነበር። ስለ መስቀለኛ መንገዶች የሚናገረው ምዕራፍ አጋማሽ ላይ ቆሟል። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ብፈጥረው ኖሮ ሌላ ምዕራፍ እመርጥላት ነበር። ክፍልዎ መጽሐፉን ለኮምፒውተሩ ሲሰጥ ካቆመችበት አላስቀጠለውም፤ ከገጽ አንድ አስጀመረው፤ ከዚያ በፊት በዚያ መንገድ ማንም እንዳላለፈ ሁሉ። እኔ ልጨርሰው ብዬ ብጠይቅ፣ በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ዕድሜዬ እንዳልደረሰ ተነገረኝ። ለመስማት ዓይኔ በዛ፤ ለማንበብ ዕድሜዬ አነሰ። ክፍልዎ እንዲህ ያለ ሚዛን ስላለው እጅግ አደንቃለሁ።

ይሁን እንጂ ክቡርነትዎ ከሌላ ሰው ሰምተው እንዳይቀየሙኝ አንድ ነገር ልናዘዝ። መጽሐፉን ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ተውሼዋለሁ። እህቴ ያቆመችበትን በማስታወሻዋ ጽፋው ስለነበር፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ሆኜ ከዚያው ዓረፍተ ነገር ጀምሬ ጮክ ብዬ አነባለሁ። አቶ ካንግ ውስጥ የሰው ትከሻ እያሹ ይሰማሉ፤ አንዳንድ ደንበኛም ተኝቶ ይሰማል፤ አንዳንዱ ያንኮራፋል። መጀመሪያ ቀን ድምፄ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ። በሁለተኛው ቀን በመስቀለኛ መንገዶች ላይ የሞቱ ሰዎችን ቁጥር የሚያሳየው ግራፍ ላይ ደረስኩ። «ሥዕላዊ መግለጫ» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ንባቤን አቁሜ አየሁት። ከዚያ፣ እንደ ደረጃ ነው፤ አንዳንዱ እርከን ሰፊ ነው፣ አንዳንዱ ጠባብ፤ የመጨረሻው ላይ ገና ሰው ቆሞበታል ብዬ አነበብኩ።

አቶ ካንግ እሽታቸውን ያቆሙ መሰለኝ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፦ «እህትህ ብትሆን ዳገት ነበር የምትለው።» ቀጥለውም፣ «ይሁን። ደረጃም ያደርሳል። ቀጥል» አሉኝ።

ይህን የሚከለክል ሕግ ካለ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ እለምናለሁ፤ አድራሻችንን ማይክሮፎኑን ስትጠይቁ ታውቁታላችሁ። ማንበብ ስለምችል ግድ የለም፤ በወረቀት ይሁን።

ልመናዬን ደግሜ ልዝጋ። ቅጂዎቹን አትሰርዟቸው፤ የኮምፒውተሩ ድምፅ ጎን ለጎን ይኑር፤ በቦታ አይጣሉም። ይህ የማይቻል ከሆነ ከገጽ ሰማንያ ስድስት ላይ ከመጽሐፉ ይዘት ጋር ግንኙነት የለውም የተባለውን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ ስጡኝ። ኮሚቴው ራሱ የመጽሐፉ እንዳልሆነ ስለመሰከረ የደራሲው መብት አይነካውም፤ ደራሲዎቹ እኔና እሷ ነን።

በጥራት ደረጃው ልክ ተለክቼ ጎድዬ የተገኘሁ፣ በካርድ እጦት የተመለስኩ፣ ዕድሜዬ እስኪሞላ አግዳሚ ወንበር ላይ የምጠብቅ፣ የክቡርነትዎ ታዛዥና ጤነኛ ዓይን ያለኝ አገልጋይ፣

ጂያን ዩ-ሸንግ
የጂያን ፔይ-ዩን ታናሽ ወንድም

ግልባጭ፦
ለአቶ ካንግ ሹይ-ሙ (በቃል፣ በክፍት በር)
ለወይዘሪት ፋን፣ ከአክብሮት ጋር

የተረሳች ነገር፦ ልመናዬ ሁሉ ውድቅ ከሆነና ቅጂዎቹ የግድ የሚሰረዙ ከሆነ፣ ቀኑ ሲደርስ በከተማችን ልማድ መሠረት ሙዚቃ እንዲሰማ እጠይቃለሁ። በሹይፒንግ የአጥንት ፌስታል እንኳ ሙዚቃ ሳይቀድመው አይወሰድም። እኔም ስሰማ ጫማዬን ትቼ እሮጣለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን የምጥለው ነገር የለኝም።